የሽምብራው እርሾ

ከወፍጮ ቤቱ አልፎ ወደ መናኸሪያው በሚወስደው መታጠፊያ ላይ፣ ድሮ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ያንኳኩበት በነበረው በረንዳ፣ አሁን የዘርና የመድኃኒት ሱቅ ተከፍቷል። ባለፈው ቅዳሜ ሽሮ ላስፈጭ ሄጄ ወረፋው ቢረዝምብኝ ጥላ ፍለጋ እዚያ ቆምኩ። ውስጥ አንዲት ወጣት የግብርና ባለሙያ ለሁለት ገበሬዎች ከአንድ ከረጢት ዱቄት ቀድታ እያሳየች ነበር። ዱቄቱ ብን ሲል ሽታው እኔ ዘንድ ደረሰ። የቆየ ብቅል ሽታ ነው፤ ጠላ ልትጠምቅ ያሰበች ሴት ብቅሏን አስፈጭታ ረስታው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ክዳኑን ስትከፍተው የሚወጣው ዓይነት። ሌላው ሰው አፍንጫውን አሻሽቶ ያልፈዋል። እኔ ግን ይህን ሽታ ከልጅነቴ ትዳር ወዲህ አሽትቼው አላውቅም፤ ያኔም ያሸተትኩት ከአንጓች ጋር ጎን ለጎን ቆሜ ነው። የሽታ ነገር ይገርመኛል። የባሌን ድምፅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ብቻዬን ስሆን ላስታውሰው እየሞከርኩ አይመጣልኝም። ይህ ግን ሳልጠራው ከች አለ፤ በረንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ።

አንጓች ጎረቤቴ ነበረች። መንደራችን ከመካነ ኢየሱስ ወደ ስማዳ በሚያወርደው መንገድ፣ ገብሱ አልቆ ጤፍና ሽምብራው ከሚጀምርበት ላይ ነው። በአንድ የሰርግ ወራት ተዳርን፤ እኔ ለመኳንንት፣ እሷ ለጥጋቡ። ሁለታችንም የደጋ ልጆች ነን፤ እኔ ከጋይንት፣ ከቤተ ልሔም ሥር፣ እሷም ከዚያው ከጉና ብርድ። ሽምብራን ተቆልቶ እንጂ በማሳ አይተነው አናውቅም ነበር። ደጃችን ፊት ለፊት ሆኖ መካከላችን የአጋም አጥር ብቻ ነበር፤ እሱንም እኛው ስንመላለስበት መሐሉ ተበስቶ የፍየል መውጫ የመሰለ ቀዳዳ ሠራን። አማቴ ቀዳዳውን ባየች ቁጥር፣ እነዚህን ሁለቱን ለአንድ ሰው ድረን ወጪ በቀነስን ነበር እያለች ትሳለቅብን ነበር። ያ ቀዳዳ አንድም ቀን ተደፍኖ አያውቅም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን ገበያ እንወጣለን። ኮንጎ ጫማችንን በእጃችን አንጠልጥለን እንመጣና ከተማው አፋፍ ስንደርስ እግራችንን ታጥበን እናጠልቀዋለን፤ ያን ጊዜ ጫማ ለሰው ዓይን እንጂ ለእግር አይገዛም ነበር። ቀሚሳችን አንድ ዓይነት ነው፤ ከአንድ ጣቃ አስቀድደን፣ በአንድ ሰፊ አሰፍተን፣ ጠርዙ ላይ እሷ ቀይ እኔ አረንጓዴ ጥለት ስላደረግን ብቻ የምንለየው። ለስሙኒ አንድ እቅፍ የሽምብራ እሸት ይሸጥ ነበር፤ ሻጮቹም እኛው መንደር የበቀለውን መልሰው ለእኛው ሊሸጡልን ይከራከራሉ። ከሰፊዎቹ አንዱ ባለ አራት ድንጋይ ራዲዮ ነበረው። የሚወደው ዘፈን ሲመጣ መኪናውን አቁሞ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፤ አንጓች ዘፈኑ እስኪያልቅ የጨርቅ ዋጋ የምትጠይቅ መስላ ትቆማለች። ባሏ አያ ጥጋቡ በሩቅ ሆኖ ይጠብቃታል፤ ዘፈኑን እንጂ ጨርቁን እንዳልፈለገች እያወቀ አያስቸኩላትም። ዛሬ በዚያ መታጠፊያ ባጃጁ ሁሉ ዘፈን ያስጮኻል፣ ግን ሊያደምጥ የሚቆም አይቼ አላውቅም። እኔም ብቆም ማን ይጠብቀኛል?

ሽምብራ ክረምቱ ሲሸሽ በጥቁሩ መረሬ አፈር ላይ ይዘራል፤ ዝናብ አይጠይቅም፣ ምድሪቱ የጠጣችውን እየጠባ ያድጋል። ቅጠሉ ይኮመጥጣል። ጧት በጤዛ ከገባህበት ልብስህን ያነጣዋል፣ እግርህን ያሳክክሃል፤ ጣትህን ብትልሰው ደግሞ ሎሚ ነው። ጠላቱ ጓይ ትል ነው። መጀመሪያ ቅጠሉን ይግጣል፣ ሲያድግ እሸቱን በስቶ ጭንቅላቱን ያስገባና ፍሬውን በልቶ ገለፈቱን ይተውልሃል። ከሩቅ ሲያዩት ማሳው ሙሉ ነው፤ ሲጨብጡት ባዶ። የምነግራችሁ ነገር ከመድረሱ በፊት በነበረው ዓመት ገበሬው ሁሉ ነጭ የመርዝ ዱቄት ከገበያ እያመጣ ነሰነሰ። ትሉም ሞተ። የመኳንንት ንብ ግን አብሮ አለቀ። ባለቤቴ ጧት ቀፎ ሊያይ ወጥቶ ሲዘገይብኝ ብሄድ፣ ንቦቹ ከቀፎው ሥር እንደ ተደፋ ኑግ ፈስሰው እሱ አጠገባቸው ቁጢጥ ብሏል። እያንዳንዱን ቀፎ በጣቱ መታ መታ አድርጎ ጆሮውን ይደግናል። ከዚያ በኋላ ያንን ነጭ ዱቄት ደጃችን እንዳይደርስ ማለ።

እንግዲህ በሚቀጥለው ዓመት ነው ያ የእርሻ ባለሙያ የመጣው። ከደብረ ታቦር ነው መሰለኝ የመጣ፤ ቴትሮን ሸሚዝ በካኪ ሱሪ የሚለብስ፣ ጸጉሩን በጎን የከፈለ፣ ረጋ ያለ ሰው። ለሙከራ የሚሆን ማሳ ፈልጎ ሰው ሁሉ ሲሸሸው መኳንንት እንደገና ላስገባው ንብ ብሎ የእኛን ሰጠው። ሰንበቴው ላይ ሰው ሰብስቦ ሲያስረዳ እኔና አንጓች ከሴቶቹ ጋር ጥግ ላይ ነበርን። ከከረጢቱ ትንሽ ዘግኖ በመዳፉ እያዞረ አስሸተተን፤ ያ ብቅል ሽታ ያኔ ነው። ይህ መርዝ አይደለም አለን፤ ዓይን የማያየው ሕይወት ያለው ነገር ነው። እርሾን ታውቁታላችሁ፣ ሊጡን የሚያነሣውን ግን አይታችሁት አታውቁም፤ ይህም እንደ እርሾው ነው። ትሉ ቅጠሉን ሲበላ አብሮ ሆዱ ይገባና እዚያ ሥራውን ይሠራል፤ ለሰው፣ ለከብት፣ ለንብ ምንም አይልም። ፀሐይ ስለሚገድለው አመሻሽ ላይ ይረጫል። ትሉም ወዲያው አይሞትም፣ መጀመሪያ መብላቱን ይተዋል፣ ታገሡት አለ። አንዳንዱ ሳቀ። የደብራችን የኔታ ግን ተቆጡ፤ እግዚአብሔር ፈርዖንን በአንበሳ መቅጣት አቅቶት ነው ወይ በቅማልና በዝንብ የቀጣው፣ ታናሽ ነገር አትናቁ ብለው ዝም አሰኙት።

የመጣው ዱቄት ለአንድ ማሳ ብቻ የሚበቃ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ባለሙያው ዱቄቱን ደጃችን ላይ በበርሜል ውኃ በጥብጦ፣ መርጫውን በጀርባው አዝሎ በትልሙ መሐል እየተመላለሰ ረጨው። በማግሥቱ ትሉ ሁሉ እንደ ልቡ ሲሄድ አየነው፤ መንደርተኛው እርሾ የበላ ትል ይወፍራል እያለ ቀለደብን። ከዚያ ግን ትሎቹ ቅጠል ላይ እንዳሉ መንጋጋቸው ቆመ። ቀጥሎ ጠቆሩ፣ ለሰለሱ፣ ከግንዱ ላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። ንቡም እንደወትሮው ሲወጣና ሲገባ ዋለ። ባለቤቴ ያን ዕለት እንደ ሕፃን አደረገው፤ ሰው እጁን እየያዘ አንድ ለአንድ የሞተውን ትል ያሳይ ነበር። ባለሙያው ብዙ ሳይቆይ ወደ ሌላ አገር ተዛወረ፤ የሚጠየቅ ሰው አልቀረልንም።

አሁን የእርሾን ነገር ልንገራችሁ። በመንደራችን ጨው ሊነፈግ ይችላል፣ ዘር ሊነፈግ ይችላል፤ እርሾ ግን አይነፈግም። ከረጅም ኀዘን ወይም ከመንገድ በኋላ የአንዷ እርሾ ሲሞትባት ጣሳዋን ይዛ ወደ ጎረቤት ትሄዳለች፤ ለምን እንደመጣች አትናገርም፣ ያችኛዋም አትጠይቅም፣ ቀድታ ትሰጣታለች። አንዲት ሴት ከማን ቤት እርሾ እንደምትወስድ ካወቅህ ማንን እንደምታምን አወቅህ ማለት ነው። እኔና አንጓች የማን እርሾ ከማን እንደመጣ እስኪጠፋን ድረስ ስንቀባበል ኖረናል። እና አንድ ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ቅል ይዛ ገባች። በሌላ እጇ አንድ የሽምብራ እሸት ይዛ ነበር፤ በጥፍሯ ሰንጥቃ አሳየችኝ። ትሉ ውስጡ ተጠቅልሎ ተኝቷል።

“እታለም፣ ከበርሜሉ ሥር የቀረውን ስጪኝ” አለችኝ፤ በስሜ ይታይሽ ብላ ጠርታኝ አታውቅም።

ዱቄቱ አልቋል፣ የቀረው እጣቢው ነው አልኳት።

“እርሾስ እጣቢ አይደል እንዴ?”

እውነቷን ነው። ቀዳሁላት። በትንሽ ማድጋ አድርጋ የገብስ ዱቄት በጠበጠችበት፣ አፉን በጨርቅ አሰረችው፣ ከምድጃው ጥግ ሙቀት ዳር አስቀመጠችው። በየጧቱ ከፍታ ታየዋለች፣ ትመግበዋለች፣ እኔንም ትጠራኛለች። ከቀናት በኋላ አረፋ ደፈቀ። ሽታው ብቅልነቱን ትቶ መኮምጠጥ ጀምሯል፤ እኛ ግን ተነሣ ብለን ደስ አለን። ዛሬ ስናገረው ሞኝነት ይመስላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ኖሯል? ሰውዬው እንደ እርሾ ነው አለን፤ እርሾ እንዴት እንደሚያዝ ደግሞ በዚያ አገር ከእኛ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እንደተነገረን አመሻሽ ላይ ወጣች፤ መርጫ ስለሌላት የጭድ ጭብጥ እየነከረች በማሳዋ ሁሉ ረጨችው። ጠበል የሚረጭ ቄስ መሰልሽ ብያት ሣቅን። ያ ሣቅ እስካሁን በጆሮዬ አለ።

ጥጋቡ ታታሪ ገበሬ ነበር፤ ከሰው ሁሉ ቀድሞ በመዝራት የሚኮራ። ትሉ አለመሞቱን ሲያይ ገበያ ወጥቶ ነጩን ዱቄት ሊያመጣ ተነሣ። አንጓች ቆይ አለችው፤ ወዲያው አይሞትም፣ በነመኳንንትም ማሳ እንዲሁ ነበር። መጥቶ ባለቤቴን ጠየቀው፤ ባለቤቴም እውነት ነው፣ ታገሥ አለው። ማንም አልዋሸም። እሷም ያየችውን ተናገረች፣ እኛም ያየነውን ተናገርን፣ እሱም አምኖን ቆየ። ትሉ ግን አልቆየም። አውድማ ላይ ሲያዘሩት ነፋሱ ሁሉንም ይዞት ሄደ፤ መሬት ላይ የሚወድቅ ፍሬ ጠፋ። ለዘር የሚሆን እንኳ አልተገኘም፤ እነሱ ደግሞ ያን ዓመት ያላቸው ያው ሽምብራ ነበር። ጥጋቡ መንሹን ጣለና በሰው ፊት፣ “ሽምብራዬን በእርሾ አስበላችው” አለ።

ከማሳው ይልቅ የገደላት ያ ቃል ነው። መንደሩ አፍ አገኘ። እጇ አይነሣም ተባለ፤ እኛ ማሳ ላይ የሠራ ነገር እሷ ስትይዘው የሞተው እጇ ስለማይባርክ ነው ተባለ። እኔ ስከራከር ጓደኛዋ ስለሆንሽ ነው ይሉኛል። አንድ ቀን ደጇ ላይ ቆመን ስናወራ ከላይ ቤት አንዲት ሴት ጣሳ ይዛ መጣች። ለወትሮው የምትወስደው ከአንጓች ነበር። ደጇን አለፈችና ወደ እኔ በር ሄደች፤ እኔ እዚያው ቆሜ እንዳለሁ እያየች። አንጓች ነጠላዋን አስተካክላ ቤቷ ገባች። በዚያው ሰሞን ከእኔም ቤት መምጣት ተወች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ብጠራት ሥራ ላይ ነኝ ትለኛለች።

ጥጋቡ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ሊወርድ ሲነሣ ብዙ ሚስት እቤት ትቀራለች፣ እሷ ግን አብራው ሄደች። መኪና እስኪመጣ በዚያ በሰፊዎቹ በረንዳ ተቀምጠን ጠበቅን። ያን ባለ ቀይ ጥለት ቀሚሷን ለብሳለች። ራዲዮው ሲዘፍን ቀና እንኳ አላለችም። መኪናው ሲያጓራ እጄን ያዘችና፣ “እታለም፣ እኔ ግን የቱ ላይ ነው የተሳሳትኩት?” አለችኝ። እኔ ምን አውቄ? አልተሳሳትሽም አልኳት፤ እንዲህ ያለ ነገር ግን ምክንያቱን ካልጨመሩበት ማጽናኛ ብቻ ነው፣ እሷም ገባት። ሄደች። ለመከር ተብሎ የተሄደው በዚያው ቀረ። ከዓመታት በኋላ ወባ እንደወሰዳት ሰማን፤ ለቅሶውን እኔና መኳንንት ብቻ ተቀመጥን።

ዛሬ መንደሩን ትቼ ከተማ ገብቻለሁ። መኳንንት ካረፈ ወዲህ ልጆቼ ባሕር ዳር ሆነው በእሑድ እሑድ ይደውሉልኛል፤ ስልኩ ሲዘጋ ቤቱ ይበልጥ ጭር ይላል። አንዲት ሴት ለራሷ ብቻ ሊጥ ስታቦካ ምን ያህል ታቦካለች? ሁልጊዜ ይተርፈኛል። አያ ጥጋቡም ከጥቂት ዓመት በፊት ብቻውን ተመልሶ እዚሁ መካነ ኢየሱስ፣ ከወንድሙ ልጅ ጓሮ ተጠግቶ ይኖራል። ቀን ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ድንጋይ ላይ ከዘራውን ተደግፎ ይውላል። ከሩቅ እጅ ነሥቼ አልፈዋለሁ እንጂ አልጠጋውም ነበር። ከተጠጋሁት ያቺን የሽምብራ ነገር ያነሣብኛል፤ ያቺ ሴት ከአገሬ ነቀለችኝ ይላል። የሞተች ጓደኛዬ ስትሰደብ ቆሜ ለመስማት አቅሙ የለኝም።

ወደ ሱቁ ልመለስ። ገበሬዎቹ ሲወጡ ልጅቱ ዓይኔ እንባ ማቅረሩን አይታ፣ እማማ አመመዎት ወይ ብላ ውኃ አመጣችልኝ። እኔም ሳላስበው ሁሉን ነገርኳት፤ ማድጋውን፣ ገብሱን፣ አረፋውን፣ የጭዱን ጭብጥ። እስከ መጨረሻው አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣ በማድጋው ውስጥ የተነሣው ይህ አይደለም አለችኝ፤ ከገብሱም ከቅሉም ያለው ሌላ እርሾ በልጦ ውጦታል፤ ይህ ለብቻው ተጠብቆ ካልሆነ በቤት አይራባም። እሱን ይተዉትና፣ ጓደኛዎ ቅሉን ይዛ በመጣች ዕለት ትሉ ምን ያህል ነበር ስትለኝ የጣቴን ግማሽ አሳየኋት። እሸቱ ውስጥ ገብቶ ነበር? ገብቶ ነበር፣ በጥፍሯ ሰንጥቃ አሳይታኛለች።

“እንግዲያው እማማ፣ ያን ዕለት ማሳው አልቆለት ነበር” አለችኝ። “ከገባ በኋላ ይህም አያገኘውም፣ ነጩም ዱቄት አያገኘውም። ቀድሞ የተዘራ ማሳ ይሆናል፣ ትሉም ቀድሞ አደገበት። ጓደኛዎ ምንም ብታደርግ፣ ምንም ባታደርግ ያው ነበር።”

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። መተማ አፈር የገባች ሴት የጠየቀችኝ ጥያቄ መልሱ በአንድ ትንፋሽ አለቀ። ልጅቱን መርቄ ወጣሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ለማን ልንገረው የሚል ሐሳብ መጣና ደስታዬን አጠፋው። አንጓችን የሚያውቅ ሰው በዚህ ከተማ ከእኔ ሌላ አንድ ብቻ ነው ያለው። ቢያንስ ስሟን ማጥፋቱን ይተውላት ብዬ በቀጥታ ወደ ቅጥሩ ሄድኩ።

ዓይኑ ደክሟል፤ ማን ነሽ አለኝ። ይታይሽ ነኝ፣ የመኳንንት ሚስት ስለው ተጠግቶ ድንጋዩን ለቀቀልኝ። ከመቀመጤ በፊት ነገርኩት።

“አያ ጥጋቡ፣ አንጓች አላጠፋችም። ትሉ ቀድሞ እሸቱ ገብቶ ነበር። ያን ጊዜ ገበያ ወጥታችሁ ነጩን ዱቄት ብታመጡትም ሽምብራው አይተርፍም ነበር። የተማረች ልጅ ነች የነገረችኝ።”

ቀድሞ መዝራቱን ግን አልነገርኩትም፤ ለዚህ ዕድሜ ያ ምን ያደርግለታል? እንደገና ንገሪኝ አለኝ፣ ነገርኩት። የከዘራውን ጫፍ አፈሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲያደርግ ቆየ። ይቆጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ ካልተቆጣም ያለቅሳል ብዬ። እሱ ግን ልክ አጠገቡ እንዳለች ሁሉ ፊቱን ወደ ባዶው ጎኑ መለሰ።

“ምነው ባልነገርሽኝ፣ ይታይሽ” አለኝ። “እሷ ከሞተች ወዲህ እኮ ከሷ ጋር እየተጣላሁ ነው የምውለው። ጧት እጀምራታለሁ፣ ሲመሽ እንታረቃለን። እንግዲህ በምን ልጣላት? ከማን ጋር ልዋል?”